ስለ ሎሚ ልጣጭ ጥቅምና ስለ አያያዙ

ሎሚ በኢትዮጵያ ውስጥ ያልገባበት ቤት የለም ማለት ይቻላል። የዶሮ ሥጋ በሎሚና በጨው ታጥቦ ወደ ድስት ይገባል፤ ሻይ በሎሚ ይጠጣል፤ ጉንፋን የያዘውም ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው ሎሚን ነው። ነገር ግን ጭማቂው ተፈልጎ ልጣጩ ይጣላል። በአንድ ቤት የሚጣለው ጥቂት ስለ ሆነ ማንም አይቆጥረውም። የፍራፍሬ ጭማቂ በሚሸጥባቸው ቤቶች፥ በሆቴሎችና በገበያ ዳር ግን ልጣጩ በየጆንያው ተሞልቶ ይታያል። በሁለተኛው ቀን መሻገት ይጀምራል፤ በሦስተኛው ቀን ዝንብ ይሰበስባል፤ ዝናብ በመጣ ጊዜም ፍሳሹ ወደ ቦይና ወደ ወንዝ ይወርዳል። ከተማው ይህን ለማስጠረግ ገንዘብ ያወጣል። በዚያው ከተማ ዳር የወተት ላም የሚያረባው ሰው ደግሞ መኖ ተወደደብኝ እያለ ያማርራል።

ለአንዱ ቆሻሻ የሆነው ነገር ለሌላው መኖ ወይም ማዳበሪያ ሊሆን ሲችል ሁለቱ ሳይገናኙ መቅረታቸው የዕውቀት ጉድለት ነው እንጂ የሀብት ጉድለት አይደለም። ስለዚህ የሎሚ ልጣጭ ምን ምን እንዳለበት፥ በሌላ አገር ምን እንደ ተሠራበት፥ በየወረዳው ያሉ የእርሻ ሹማምንትም ያለ ብዙ ወጪ ምን ሊያሠሩበት እንደሚችሉ ከዚህ ቀጥሎ በየተራው ይገለጻል። የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ልጣጩ ምን እንዳለበት

ሎሚ ተጨምቆ ሲያበቃ ከፍሬው ክብደት ግማሽ ያህሉ ይተርፋል። በዚህ ትራፊ ውስጥ ልጣጩ፥ ጭማቂው የወጣለት ገለፈትና ዘሩ ይገኛሉ። ልጣጩ ራሱ በሁለት ይከፈላል። በውጭ በኩል ያለው ስስ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ቆዳ በጥቃቅን ከረጢቶች የተሞላ ነው፤ በነዚህም ከረጢቶች ውስጥ ሽታ ያለው ዘይት ይገኛል። ልጣጩን በሻማ አጠገብ አጥፎ የጨመቀ ሰው ዘይቱ እየተረጨ በነበልባሉ ላይ ብልጭ ብልጭ ሲል ያያል። በውስጥ በኩል ያለው ነጭና ለስላሳ ክፍል ሽታው እምብዛም ነው፤ ነገር ግን ፔክቲን የሚባለው አርጊ ነገር በብዛት የሚገኘው በርሱ ነው። ትርንጎን የሚያውቅ ሰው ይህን ክፍል በደንብ ያውቀዋል፤ ትርንጎ የሚበላው ስለ ጭማቂው ሳይሆን ስለዚሁ ወፍራም ነጭ አካሉ ነውና። በኢትዮጵያ ገበያ በብዛት የሚታየው ትንሹ ክብ ሎሚ ልጣጩ ስስ ነው፤ ትልቁና ሞላላው ሎሚ ግን ወፍራም ልጣጭ አለው። አያያዛቸው አንድ ሲሆን የሚለያዩት በሚሰጡት ብዛት ነው።

ከ100 ኪሎ እርጥብ ልጣጭ 80 ኪሎ ያህሉ ውኃ ነው። ይህን ቁጥር የእርሻ ሹም ሁሉ ሊያስታውሰው ይገባል። እርጥብ ልጣጭ በመኪና ጭኖ ወደ ሩቅ አገር መላክ ውኃ ጭኖ እንደ መላክ ነውና። ደግሞም ይህ ውኃ በልጣጩ ላይ ከቀረው ስኳር ጋራ ተባብሮ ለሻጋታና ለእርሾ ምቹ ስፍራ ይሆናል። ስለዚህ በልጣጭ ሥራ ሁለት ሕጎች አሉ። አንደኛው ሕግ ጊዜ ነው፤ ልጣጭ በተጨመቀበት ቀን፥ ቢዘገይ በማግሥቱ ካልተያዘ ዋጋው ይወድቃል። ሁለተኛው ሕግ ተራ ነው፤ መጀመሪያ ዘይቱ፥ ቀጥሎ ፔክቲኑ፥ ከዚያ መኖው፥ በመጨረሻም ማዳበሪያው ይወጣል። ከላይ ወደ ታች መውረድ ይቻላል፤ ከታች ወደ ላይ መመለስ ግን አይቻልም። የሻገተ ልጣጭ ማዳበሪያ ይሆናል እንጂ መኖ አይሆንም፤ ዘይቱ የበነነበትም ልጣጭ ዳግመኛ ዘይት አይሰጥም።

ስለ ዘይቱ

በሎሚ ልጣጭ ንግድ ስሟ ቀድሞ የሚነሣው የኢጣልያ ደሴት ሲቺልያ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት በዚያ አገር የዘይቱ ሥራ በእጅ ይሠራ ነበር። ሠራተኛው ሎሚውን ለሁለት ይከፍላል፤ ማንኪያ በመሰለ ስለት ሥጋውን ፍቆ ያወጣና ለጭማቂ ያስቀምጣል። ባዶውን ልጣጭ በውኃ ዘፍዝፎ ካሳረፈው በኋላ በባሕር ሰፍነግ ላይ እየተጫነ ያዞረዋል። ከረጢቶቹ ሲፈነዱ የወጣውን ዘይት ሰፍነጉ ይጠጣዋል፤ ሰፍነጉም በሸክላ ዕቃ ውስጥ ይጨመቃል። ዘይቱ ከውኃው በላይ ስለሚንሳፈፍ በጥንቃቄ ይቀዳል። በ1844 በካላብሪያ አገር በሬጆ ከተማ ኒኮላ ባሪላ የተባለ ሰው የሎሚ ዘመድ የሆነውን የቤርጋሞትን ልጣጭ የሚጨምቅ መኪና ሠራ፤ ከዚያም ወዲህ ሥራው ቀስ በቀስ ከእጅ ወደ መኪና ተላልፎአል።

ከሎሚ ዘይት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሊሞኒን የሚባለው ነገር ነው። ሎሚ ሎሚ የሚለው ሽታ ግን በተለይ የሚመጣው በመጠኑ ጥቂት ከሆነው ሲትራል ነው። ዘይቱ ለሽቶ፥ ለሳሙና፥ ለከረሜላና ለለስላሳ መጠጥ ይፈለጋል። ሊሞኒን ደግሞ ቅባትን የማሟሟት ኃይል ስላለው በግራሶ የቆሸሸ ብረትና መኪና ለማጠብ ይሠራበታል።

ከሲቺልያ ታሪክ አንድ ትምህርት ይገኛል። በ1784 ካርል ቪልሄልም ሼሌ የተባለው የስዊድን ሊቅ ከሎሚ ጭማቂ ሲትሪክ አሲድን ለይቶ አወጣ። በኋላ ዘመን ሲቺልያ ጭማቂውን በኖራ እያረጋች ለአሲድ ፋብሪካዎች በመሸጥ ታላቅ ንግድ አቆመች። በ1917 ግን ጄምስ ከሪ የተባለ የአሜሪካ ሊቅ አንድ ጥቁር ሻጋታ ከስኳር ብዙ ሲትሪክ አሲድ ሊያወጣ እንደሚችል አስታወቀ፤ በ1919ም ፋይዘር የተባለው ኩባንያ በዚሁ መንገድ አሲዱን ማውጣት ጀመረ። ከዚህ በኋላ ከሎሚ ጭማቂ አሲድ የማውጣቱ ንግድ እየደከመ ሄደ። የልጣጩ ዘይት ግን እስከ ዛሬ ድረስ ገበያ አለው። የተናቀው ክፍል ከተከበረው ይልቅ ጸንቶ ተገኘ።

የሆነ ሆኖ የዘይት ሥራ ለያንዳንዱ ወረዳ የሚሆን አይደለም። ከ1,000 ኪሎ ሎሚ የሚወጣው ዘይት ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው። በእጅ ተጨምቆ ከዋለ ልጣጭ የሚገኘው ደግሞ ከዚህ ያንሳል። ስለዚህ ሎሚ በየቀኑ በብዙ ኩንታል ወደ አንድ ስፍራ በማይገባበት አገር የዘይት መኪና ለመግዛት ማሰብ የሕዝብን ገንዘብ ማባከን ነው።

ስለ ፔክቲንና ስለ ማርማላታ

ፔክቲን ማለት ፍሬ ከስኳር ጋራ ሲቀቀል እንዲረጋ የሚያደርገው ነገር ነው። በ1825 ሄንሪ ብራኮኖ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ለይቶ ስም አወጣለት፤ ስሙም መርጋትን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ዛሬ በዓለም ከሚሸጠው ፔክቲን አብዛኛው ከሎሚና ከብርቱካን ወገን ልጣጭ ይወጣል፤ ከፖም ትራፊም ይገኛል። ከ100 ኪሎ በደንብ የደረቀ ልጣጭ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ያህሉ ፔክቲን ነው። ፋብሪካዎች ልጣጩን አሲድ በገባበት ሙቅ ውኃ አሟሙተው ካጠለሉት በኋላ ፔክቲኑን በአልኮል ያረጉታል።

በሰሜን ምዕራብ አርጀንቲና ያለው የቱኩማን ግዛት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያ ከሚለቀመው ሎሚ ታላቁ ክፍል ወደ ፋብሪካ ይገባል። ከአንዱ ፍሬ ጭማቂው፥ ዘይቱና የደረቀው ልጣጭ እየተለዩ ለየብቻ ይሸጣሉ፤ የደረቀውም ልጣጭ በመርከብ ተጭኖ ወደ ፔክቲን ፋብሪካዎች ይሄዳል። በዚህም ሥራ የሚጠበቀው ያው የጊዜ ሕግ ነው። በልጣጩ ውስጥ ፔክቲንን የሚያፈርስ ኤንዛይም የሚባል ነገር ስላለ፥ ልጣጩ እንደ ተጨመቀ ወዲያው ታጥቦ ካልደረቀ ፔክቲኑ ይበላሻል።

በወረዳ ደረጃ የፔክቲን ፋብሪካ ማቆም አይቻልም፤ በፔክቲኑ መጠቀም ግን ይቻላል። መንገዱም ማርማላታ መሥራት ነው። በላይኛው አዋሽ ሸለቆ በመርቲ የተተከለው ፋብሪካ የብርቱካን ማርማላታ እየሠራ ሲያቀርብ ስለ ኖረ፥ ይህ ምግብ ለኢትዮጵያ ገበያ እንግዳ አይደለም። በማኅበር የተደራጁ ሴቶችም በድስትና በምድጃ ሊሠሩት ይችላሉ። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

1 ኪሎ ሎሚ በሙቅ ውኃ በደንብ ይታጠብ። ጭማቂው ይጨመቅና ይቀመጥ፤ ዘሩ በንጹሕ ጨርቅ ይቋጠር፤ ልጣጩም በቀጭኑ ይከተፍ። ሁሉም በ2 ሊትር ውኃ ተዘፍዝፎ ይደር። በማግሥቱ ልጣጩ በጣት ሲያሹት እስኪደቅ ድረስ በዝግታ ይቀቀል፤ ይህም አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ይፈጃል። የተቋጠረው ዘር ተጨምቆ ይውጣ፤ ከዚያ 2 ኪሎ ስኳር ይጨመርና እስኪረጋ ድረስ በጠንካራ እሳት ይፍላ። ስኳሩ ልጣጩ ሳይበስል ከገባ ልጣጩ እንደ ደነደነ ይቀራል። ጭማቂው ከተሸጠ በኋላ በቀረው ልጣጭ የሚሠራ እንደ ሆነ ከ4 እስከ 6 የሚሆን ሎሚ ጭማቂ ይታከልበት፤ ኮምጣጣነት በሌለበት ፔክቲን አይረጋምና።

ከውጭ አገር የመጡ መጻሕፍት ማርማላታ የሚረጋው በ104 ወይም በ105 ዲግሪ ሙቀት ነው ይላሉ። ይህ ግን የሚሠራው በባሕር ጠረፍ ነው። በደጋ አገር ውኃ በ100 ዲግሪ ሳይደርስ ስለሚፈላ ቁጥሩ ይለወጣል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ ማርማላታው በ96 ወይም በ97 ዲግሪ ገደማ ይረጋል። 104 ዲግሪ እስኪሞላ የጠበቀ ሰው ግን ድስቱን ያሳርራል። የታወቀው ሕግ በየስፍራው ውኃ ከሚፈላበት ሙቀት 4 ዲግሪ ተኩል ያህል ማስበለጥ ነው። መለኪያ የሌለው ሰው ጥቂት ጠብታ በቀዝቃዛ ሳሕን ላይ ያኑር፤ በጣት ሲገፉት ገጹ ከተጨማደደ ማርማላታው ደርሶአል።

ስለ ከብት መኖ

ለአብዛኛው ወረዳ ከሁሉ የሚቀርበው ጥቅም ይህ ነው። የደረቀ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ለሚያመሰኳ ከብት ኃይል በመስጠት ወደ እህል የሚጠጋ መኖ ነው። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት ከ1930ዎቹ ጀምሮ የጭማቂ ፋብሪካዎች ትራፊ እየደረቀ ለወተት ላሞች ሲሰጥ ኖሮአል። በዚያም እርጥቡን ልጣጭ ከጥቂት ኖራ ጋራ ይቀላቅሉታል፤ ኖራው ፔክቲኑን አላልቶ ውኃውን ስለሚያስለቅቀው ልጣጩ በቀላሉ ይጨመቃል፥ ቶሎም ይደርቃል።

ነገር ግን ስለ ኖራው ንጽሕና አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በ1998 በጀርመን አገር ወተት ውስጥ ዲዮክሲን የተባለው መርዝ በዝቶ ተገኘ። ምክንያቱ ሲመረመር ከብራዚል በመጣው የደረቀ ልጣጭ መኖ ላይ ደረሱ፤ ከዚያም አልፎ መርዙ ልጣጩን ለማድረቅ በገባው ኖራ ውስጥ እንደ ነበረ ታወቀ። ኖራው ከኬሚካል ፋብሪካ የተረፈ ነበር። ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ ኖራ ወደ መኖ ከሚገባ ያለ ኖራ በፀሐይ ማድረቅ ይሻላል።

ልጣጭ ብቻውን ሙሉ መኖ አይደለም። ገንቢ ንጥረ ነገሩ ማለት ፕሮቲኑ ከ100 እጅ 6 ወይም 7 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ፎስፎሩም ጥቂት ነው። ይህንንም ጉድለት የኑግ ፋጉሎና የስንዴ ፍሩሽካ ይሞሉታል፤ ፋጉሎው ፕሮቲን፥ ፍሩሽካው ፎስፎር ይሰጣልና። የአመጋገቡም ሥርዓት ይህ ነው።

1ኛ፥ ልጣጩ በተጨመቀበት ቀን ይሰብሰብ፤ ጣት በሚያህል ስፋት ይከተፍ። ሳይከተፍ የተሰጠ ሎሚ በከብት ጉሮሮ ተሰንቅሮ ሊገድል ይችላል።

2ኛ፥ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ በስሱ ይሰጣ፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይገላበጥ፤ ሌሊት ጤዛ እንዳይነካው ይሸፈን። በበጋ ፀሐይ በጥቂት ቀን ይደርቃል። ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሶአል፤ ከተለመጠ ግን ገና ነው።

3ኛ፥ ለላም መጀመሪያ በቀን ከግማሽ ኪሎ ያልበለጠ ከሌላ መኖ ጋራ ተቀላቅሎ ይሰጣት። ከብት ሽታውን እስኪለምድ ድረስ ይጠየፈዋል። በ10 ቀን ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እስከ 2 ኪሎ ድረስ ሊጨመርላት ይቻላል። ከሚደባለቀው መኖ ከሩብ አይብለጥ፤ ሣርና ድርቆሽም አይጓደል። ሽታው ወደ ወተቱ እንዳይገባ ከታለበች በኋላ መስጠት ይሻላል።

4ኛ፥ ለዶሮና ለአሳማ አይሰጥ። በዘሩ ውስጥ ያለው ሊሞኒን የሚባለው መራራ ነገር ለማያመሰኩ እንስሳት ጎጂ ነውና። ይህ መራራ ነገር ከላይ በዘይቱ ከተነገረው ሊሞኒን ጋራ በስም ቢመሳሰልም ሌላ ነው።

5ኛ፥ የሻገተ ልጣጭ ለማናቸውም ከብት አይሰጥ። ሻጋታው ከላዩ ቢጠረግም መርዙ በውስጡ ይቀራል።

በክረምት በፀሐይ ማድረቅ ስለማይቻል ልጣጩን ገፈራ አድርጎ ማቆየት ይቻላል። 100 ኪሎ እርጥብ ልጣጭ ከ25 ኪሎ ከደቀቀ ጭድ ጋራ ይቀላቀላል፤ ጭዱ የሚፈሰውን ውኃ ይጠጣል። ከዚያ ላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ በእግር እየተረገጠ አየር እስኪያጣ ይጠቀጠቃል፤ በላስቲክም ተሸፍኖ አፈርና ድንጋይ ይጫንበታል። ከ6 ሳምንት በኋላ ሊከፈት ይችላል። በጎ ገፈራ ደስ የሚል የኮምጣጤ ሽታ አለው፤ የሚከረፋና የጠቆረ ከሆነ ግን ለማዳበሪያ ይዋል።

ከሁሉ በላይ ሊጠበቅ የሚገባው የመለየት ሥራ ነው። በጭማቂ ቤቶች ከሎሚው ጋራ የአቮካዶ ልጣጭ በብዛት ይወጣል። አቮካዶ በልጣጩና በቅጠሉ ውስጥ ለላም፥ ለፍየልና ለፈረስ መርዝ የሆነ ነገር አለበት። ከዚህም ጋራ ላስቲክ፥ የፕላስቲክ መጠጫና ክዳን ይቀላቀላል፤ ላስቲክ የዋጠ ከብት ሆዱ ታግዶ ይሞታል። ስለዚህ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ብቻ የሚገባበት የተለየ ዕቃ በየቤቱ ካልተቀመጠ፥ ልጣጩ ለመኖ ከሚሰበሰብ ባይሰበሰብ ይሻላል። ጸረ ተባይ መድኃኒት የተረጨበትም ፍሬ በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ሳይሞላ ተለቅሞ እንዳይሆን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ መሬት ማዳበሪያ

ለመኖ ያልሆነው ልጣጭ ሁሉ ወደ አፈር ይመለሳል። በኮስታ ሪካ አገር በጓናካስቴ ግዛት በ1990ዎቹ ዓመታት ማለቂያ ላይ 12,000 ቶን ያህል የብርቱካን ልጣጭና ገለፈት 3 ሄክታር በሚያህል በተራቆተ የግጦሽ መሬት ላይ ተደፋ። ብዙ ሰዎች ይህ መሬቱን የሚያበላሽ ቆሻሻ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ነገሩም በፍርድ ቤት ተከልክሎ ቆመ። ከ16 ዓመት ያህል በኋላ ሊቃውንት ስፍራውን ሲመረምሩ፥ ልጣጩ የተደፋበት መሬት በደን ተሸፍኖ አገኙት። በ2017 ባወጡት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፥ ከመሬት በላይ ያለው የእንጨትና የቅጠል ክብደት ልጣጭ ካልነካው ከጎረቤቱ መሬት በ176 ከመቶ በልጦ ተገኘ።

ከዚህ ታሪክ ግን ልጣጭን በጅምላ መድፋት መልካም ነው የሚል ትምህርት አይወሰድ። በጅምላ የተከመረ ልጣጭ አየር ስለሚያጣ ይከረፋል፤ ፍሳሹም ወደ ወንዝ ከወረደ ዓሣ የሚተነፍሰውን አየር ከውኃው ያሳጣል። የተሻለው መንገድ በሥርዓት ማብሰል ነው። የልጣጩ ዘይት አፈርን የሚያበስሉትን ጥቃቅን ነፍሳት ስለሚያዘገይ፥ ልጣጩ ተከትፎ አንድ እጅ ልጣጭ ከሦስት እጅ እበት፥ ጭድና ቅጠል ጋራ ይደራረብ። ጥቂት አመድ ይነስነስበት፤ በየ2 ሳምንቱም ይገልበጥ። በ3 ወይም በ4 ወር ውስጥ ሽታው ጠፍቶ ጥቁርና ፍርፍር አፈር ይሆናል። አንዳንድ ገበሬ የሎሚ ኮምጣጣነት መሬቴን ያመርረዋል ብሎ ይፈራል፤ ነገር ግን በደንብ በበሰለው ማዳበሪያ ውስጥ ይህ ኮምጣጣነት አይቀርም።

በቤት ስለሚሠራበትና ስለ ጥንቃቄው

ውኃው ኖራ በሚበዛበት አገር በጀበናና በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ጭማቂ የቀረበትን ልጣጭ በውኃ አፍልቶ ማሳደር ይህን ቅርፊት ያለሰልሳል። ጨው የተነሰነሰበት ልጣጭም የነሐስና የመዳብ ዕቃ ይወለውላል። ይሁን እንጂ ሎሚና በረኪና በአንድ ዕቃ እንዳይቀላቀሉ ይጠንቀቁ፤ ከሁለቱ መገናኘት ክሎር የተባለው መርዘኛ ጋዝ ይወጣልና።

የልጣጩን ዘይት በቆዳው ላይ ይዞ ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ቆዳው እንደ እሳት ሊቃጠልና ሊቋጥር ይችላል። ስለዚህ ልጣጭ የሚከትፉና የሚያሰጡ ሠራተኞች ጓንት ያድርጉ፤ እጃቸውንም በሳሙና ሳይታጠቡ ፀሐይ ላይ አይቆዩ። ዘይቱም እሳት ስለሚይዘው ከምድጃ ይራቅ።

ስለ ነቀዝም የሚነገር ነገር አለ። የዚህ ወገን ፍሬዎች ልጣጭ ዘይት በተከደነ ዕቃ ውስጥ ነቀዝን እንደሚገድል በምርመራ ቤት ታይቶአል። ነገር ግን ዘይቱ ቶሎ የሚበን ስለ ሆነ፥ የደረቀ ልጣጭ በጎተራ መነስነስ ብቻውን እህልን ይጠብቃል ብሎ ለገበሬው መንገር አይገባም። እንዲሁም የሎሚ ልጣጭ ወባን ወይም ነቀርሳን ይፈውሳል የሚለውን ወሬ ሹማምንት እንዳያስፋፉት ይጠበቅባቸዋል፤ ይህን አምኖ ከሐኪም የቀረ በሽተኛ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ሹማምንት ሊያደርጉት የሚገባ ሥራ

የሥራው መጀመሪያ መቁጠር ነው። ለምሳሌ በአንዲት ከተማ 10 የጭማቂ ቤቶች ቢኖሩና እያንዳንዱ በቀን 20 ኪሎ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ቢያወጣ፥ በቀን 200 ኪሎ፥ በወር 60 ኩንታል እርጥብ ልጣጭ ይሆናል። ይህ ሲደርቅ በቀን 44 ኪሎ፥ በወር 13 ኩንታል ያህል መኖ ይወጣዋል። ለአንዲት ላም በቀን 2 ኪሎ ቢሰጥ 22 ላሞችን ይደግፋል። ከዚያው ልጣጭ ዘይት ይውጣ ቢባል ግን በቀን የሚገኘው ከአንድ ወይም ከሁለት ኪሎ የማይበልጥ ስለ ሆነ የመኪናውን ዋጋ አይመልስም። እንዲህ ያለ ሒሳብ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ከተሠራ የትኛው ሥራ ለየትኛው ስፍራ እንደሚስማማ ያለ ክርክር ይታወቃል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባላል። የልጣጩም ነገር እንደዚሁ ነው። አንድ ጭማቂ ቤት ብቻውን ልጣጩን ሊያደርቅ ጊዜም ስፍራም የለውም፤ አንድ ላም አርቢም በየቤቱ እየዞረ ሊሰበስብ አይችልም። ሹሙ ሁለቱን ያገናኛል። በየቤቱ የተለየ ዕቃ እንዲቀመጥ፥ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት የሚሰበስቡ ወጣቶች እንዲመደቡ፥ ማስጫውም በአርቢዎቹ አጠገብ እንጂ በሩቅ እንዳይሆን ያደርጋል። መጀመሪያ በሁለትና በሦስት ላሞች ላይ በእንስሳት ሐኪም ፊት ይሞከር፤ የወተቱም ልክ ከመኖው በፊትና በኋላ በመዝገብ ይጻፍ። የተጻፈ መዝገብ ያለው ወረዳ ለጎረቤቱ ወረዳ በቃል ሳይሆን በቁጥር ሊያስረዳ ይችላል።

ሎሚና ብርቱካን በመስኖ በብዛት በሚለማበት አገር ደግሞ ሹማምንት ወደ ፊት ሊመለከቱ ይገባል። የጭማቂ ፋብሪካ ለማቆም ፈቃድ የሚጠይቅ ባለ ገንዘብ ሲመጣ፥ ልጣጩን በየት እንደሚያደርቅ፥ ለማን እንደሚሸጥ፥ ፍሳሹንም ወዴት እንደሚያደርስ ከሕንፃው ፕላን ጋራ በጽሑፍ እንዲያቀርብ ይጠየቅ። ከፍሬው ክብደት ግማሹ ልጣጭና ገለፈት ሆኖ እንደሚቀር አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ስለዚህ ግማሽ ምንም ያላሰበ ፋብሪካ ሥራውን በጀመረ በሳምንቱ ጭንቀቱን ወደ ወንዙና ወደ ጎረቤቱ ገበሬ ያሻግራል።